ጠገራ ብርና የወርቅ ሳንቲም ማሰባሰብ፦ ፍቅሩና ቁጠባው በወሎ

ጠያቂ፦ የኮምቦልቻዋ መምህርት

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የሀገሬ ልጆች። ወረባቦ ከነበሩት አያቴ ወደ እናቴ፣ ከእናቴም ወደ እኔ የተላለፉ ጥቂት ጠገራ ብሮች፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለባቸው የድሮ የብር ሳንቲሞች፣ በእጄ አሉ። አንዳንዶቹ በአንገት ጌጥነት እንዲያገለግሉ ማንጠልጠያ ቀለበት የተበየደላቸው ሲሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ ጠገራ ሳይሆን የዳግማዊ ምኒልክ ምስል ያለበት ብር ነው። ስለ እነርሱ በጠየቅሁና ባነበብሁ ቁጥር የማወቅ ጉጉቴ እየበረታ ስለ ሄደ፣ ከደመወዜ ከማስቀምጠው ገንዘብ ላይ ከፊሉን ቀስ በቀስ የብርና የወርቅ ሳንቲም እየገዛሁበት ለማሰባሰብ አስቤአለሁ። ባንክ ያስቀመጥሁት ገንዘብ የመግዛት ዐቅሙ በየዓመቱ ሲሳሳ ማየቴም ወደዚህ ሐሳብ ገፋፍቶኛል።

ከመጀመሬ በፊት ግን የሚያውቁ ሰዎች እንዲመክሩኝ የምሻቸው ነገሮች አሉ። በጠገራው ላይ 1780 የሚል ዓመት ተጽፎአል፤ አንድ ነጋዴ «ከ240 ዓመት በላይ የሆነው ነውና እንደ ጥንታዊ ዕቃ ነው የሚሸጠው» ሲለኝ፣ ሌላው ደግሞ በሚዛን ከሚመዘን ብር የተለየ ዋጋ እንደሌለው ነግሮኛል፤ የትኛውን ልመን? በባቲ ገበያ ስገዛስ እውነተኛውን ከሐሰተኛው በምን ልለየው? ታናሽ እህቴ ጅዳ ትሠራለች፤ ያጠራቀመችውን በጌጥ ከምታመጣው በወርቅ ሳንቲም ብታመጣው ይሻል እንደሆነ ትጠይቀኛለች። በቤታችን ዘካ ስለሚወጣም፣ የተቀመጠ ጠገራ በዘካ ሒሳብ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ የሚያብራራልኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የባቲ አንጥረኛ ልጅ

ወዓለይኩሙ ሰላም እህቴ። ያደግሁት ጠገራ ሲመዘን፣ ሲቀልጥና ጌጥ ሲሆን እያየሁ ነው፤ ስለዚህ ስለ ጠገራው ረዘም አድርጌ እጽፍልዎታለሁ፣ የወርቁን ጉዳይ ግን ሒሳብ ለሚያውቁት እተወዋለሁ።

ወደ እውነቱ የቀረበው ሁለተኛው ነጋዴ ነው። በሳንቲሙ ላይ የሚታየው 1780 የንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞት ዓመት እንጂ ያ ብር የተመታበት ዓመት አይደለም። ንግሥቲቱ ካረፈች በኋላም ብሩ በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ በዐረብ አገሮችና በእኛ ገበያዎች እጅግ ተፈላጊ ስለነበረና ሕዝቡም ሌላ መልክ ያለውን ስለማይቀበል፣ የቪየናው ገንዘብ መምቻ ቤት ዓመቱንም ምስሉንም ሳይለውጥ መምታቱን ቀጠለ፤ እስከ ዛሬም ይመታዋል። በተጨማሪም ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ በሮም ማስመታት ጀመረ። በዚያው ሰሞን ፓሪስ፣ በ1936 ለንደን፣ ቀጥሎም ብራስልስ፣ በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ እንግሊዞች በቦምቤይ መቱት። ይህ ሁሉ ብር 1780 የሚል ጽሑፍ አለበት። ስለዚህ እርስዎ ዘንድ ያለው ጠገራ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ ያለውም ሊሆን ይችላል፣ አያትዎ ልጅ ሳሉ ለንደን የተመታም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለመለየት በንግሥቲቱ የደረት ጌጥና በንስሩ ክንፍና ጅራት ላይ ያሉትን ጥቃቅን ልዩነቶች በአጉሊ መነጽር የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል።

ይህን ስል ብሩ ታሪክ የለውም ማለቴ አይደለም። ወሎ ከጠገራ ጋር ያላት ትውውቅ ጥልቅ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ለስንቅና ለአጋሰስ የሚከፍለው ገንዘብ ሕዝቡ የሚያምነው ጠገራ መሆን ስለነበረበት ከቪየና አስመጥቶ ነበር ይዞት የገባው። ባቲም ከአፋር የሚመጣው ጨውና ከብት፣ ከደጋ የሚወርደው እህል የሚገናኙባት ገበያ በመሆኗ ብሩ እዚያ ሲዘዋወር ኖሯል፤ ዛሬም ሰኞ ሰኞ ከጌጥ ነጋዴዎች ዘንድ የሚገኘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መለያው ልምጣ። በአጠቃቀም ያልሳሳ ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ንጽሕናው ከሺህ 833 ነው፣ ማለትም ከውስጡ 23.39 ግራሙ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። የግራምን መቶኛ የሚያሳይ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይግዙ። ብዙ እጅ የነካው ብር ከ28 ግራም በጥቂቱ ሊጎድል ይችላል፤ 25 ወይም 24 ግራም የሚመዝን ከሆነ ግን፣ ያልተበሳና ያልተቆረጠ እስከሆነ ድረስ፣ ይተዉት። ማግኔት ሊስበው አይገባም፤ ሆኖም ማግኔት የማይስበው ሐሰተኛም ብዙ ስለሆነ በዚህ ብቻ አይርኩ። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጠርዙ ነው። በእውነተኛው ጠገራ ጠርዝ ዙሪያ ጎላ ብለው የወጡ የላቲን ፊደላትና በመካከላቸው ትንንሽ ጌጦች አሉ። በሻጋታ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ይህን ጽሑፍ አጥርቶ አያወጣም፤ ፊደሎቹ የደበዘዙ ይሆናሉ፣ ወይም ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር በጠርዙ ላይ ይታያል። የቀድሞ ሰዎችም ብሩን ሲቀበሉ በንግሥቲቱ ራስና ደረት ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ጥርት ብለው መታየታቸውን የሚመረምሩት በከንቱ አልነበረም።

ጥርጣሬ ከቀረዎት በውሃ ይመዝኑት። በውሃ የተሞላ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ዜሮ ያድርጉ፤ ከዚያም ብሩን በቀጭን ክር አስረው፣ የብርጭቆውን ግድግዳም ሆነ ወለል ሳይነካ ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉት። ሚዛኑ 2.75 ግራም ገደማ ካሳየ እፍጋቱ ከጠገራ ብር ጋር ይስማማል። ከ3 ግራም በላይ ካሳየ በውስጡ ያለው ኒኬል፣ ነሐስ ወይም ሌላ ቀለል ያለ ማዕድን ነው። ቀለበት የተበየደለትን በዚህ መንገድ መፈተን ያስቸግራል፤ ለእርሱ የአንጥረኛ መፈተሻ ድንጋይ ይሻላል።

ዋጋውን በሚመለከት፣ ተራ ጠገራ ሲገዙ በውስጡ ላለው 23.39 ግራም ብርና ለሻጩ መጠነኛ ትርፍ ይክፈሉ እንጂ ለ1780 አይክፈሉ። ቀለበት የተበየደለት ወይም የተበሳ ከሆነ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ስለማይፈልጉት ከብሩ ክብደት በላይ ዋጋ ሊጠየቅበት አይገባም። የዋጋ ንጽጽር ሲያደርጉም መለኪያው እንዳይምታታብዎ ይጠንቀቁ፤ የእኛ ገበያ የድሮ ወቄት የአንድ ጠገራ ክብደት ያህል፣ 28 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የዓለም ገበያ ዋጋ የሚነገርበት ትሮይ አውንስ ግን 31.1 ግራም ነው። ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ የሚገዛ ሰው ከመቶ አሥር ያህል ይከስራል።

መልስ፦ ሒሳብ ሠራተኛ ከደሴ

የባቲው ወንድማችን በግልጽ ያስቀመጡትን የብር መጠን ይዤ ልቀጥል። አንድ ጠገራ 0.752 ትሮይ አውንስ ንጹሕ ብር አለው። የአውንሱ ዋጋ ለምሳሌ 30 ዶላር ቢሆን በአንዱ ጠገራ ውስጥ ያለው ብር 22 ዶላር ከ56 ሳንቲም ይሆናል ማለት ነው። የዕለቱን ዋጋ በዚህ ቁጥር አባዝተው፣ በዕለቱ የባንክ ምንዛሪ ወደ ብር ለውጠው ወደ ገበያ ከሄዱ ማንም አያታልልዎትም።

በባንክ ገንዘብና በማዕድን መካከል ስላለው ምርጫ የማስበውን በግልጽ እጽፋለሁ። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ወለድን ዝቅተኛ ወለል 7 በመቶ አድርጎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ የሄደበት ጊዜ ነበር። ገንዘብዎን ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ የሚያስቀምጡ ከሆነ ደግሞ ያን 7 በመቶም አያገኙም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። ወርቅ በእጁ የነበረው ሰው ያን ጊዜ የተጠቀመው ወርቁ ስለተወደደ ብቻ ሳይሆን ወርቅ በዓለም ዋጋ የሚተመን ስለሆነ ነው። በእኛ አገር ወርቅና ብር የማስቀመጥ ዋነኛው ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ከምንዛሪ መውደቅ ይጠብቃል።

ነገር ግን ወርቅና ብር እኩል አይደሉም፤ ይህን ብዙ ሰው ሳያስተውል ያልፈዋል። ብር እጅግ የሚዋዥቅ ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንዱ አውንስ 50 ዶላር ገደማ ደርሶ በዚያው ዓመት በመጋቢት መጨረሻ ወደ 11 ዶላር ወረደ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 እንደገና ወደ 49 ዶላር ወጣ፤ በ2015 መጨረሻ 14 ዶላር አካባቢ ነበር። ወርቅም ቢሆን በ1980 ከነበረበት 850 ዶላር በ1999 ወደ 250 ዶላር ገደማ ወርዶ ነበርና፣ ዋጋው በተጋጋለበት ወቅት ያለውን ሁሉ አውጥቶ የገዛ ሰው ለሃያ ዓመት ተጎድቶ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የምመክርዎት በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተወሰነ ጊዜ፣ ዋጋው ሲወጣም ሲወርድም ተመሳሳይ የገንዘብ መጠን እየመደቡ እንዲገዙ ነው። ዕቁብ ካለዎት ዕጣው ሲወጣልዎ ከፊሉን ለዚህ መመደብ ይችላሉ። ለክፉ ቀን የሚያስፈልግዎትን፣ ማለትም የጥቂት ወራት የቤት ወጪ የሚሸፍነውን ገንዘብ ግን ፈጽሞ ወደ ማዕድን አይለውጡት። የታመመ ሰው ይዘው ሆስፒታል በር ላይ ቆመው ጠገራ የሚገዛዎ ሰው መፈለግ ትልቅ ችግር ነው፤ እንዲህ ባለው ቀን የሚሸጥ ዕቃ ሁልጊዜ ከዋጋው በታች ነው የሚሄደው።

ስለ እህትዎ። በጅዳ የወርቅ ቤቶች የሚሸጠው ጌጥ በአብዛኛው 21 ካራት ነው፤ ከሺህ 875 ንጹሕ ወርቅ ማለት ነው። የጌጥ ዋጋ ግን የወርቁን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የእጅ ሥራውንም ይጨምራል፤ ሲሸጥ የእጅ ሥራው ዋጋ ይቀራል። የወርቅ ሳንቲም ላይ ያለው ጭማሪ በአብዛኛው ያነሰ ነው። ለምሳሌ የእንግሊዙ ሶቨሪን 7.988 ግራም ሲመዝን 22 ካራት ነው፣ 7.32 ግራም ንጹሕ ወርቅም አለው፤ የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድም 22 ካራት ሆኖ በውስጡ አንድ ሙሉ ትሮይ አውንስ ንጹሕ ወርቅ ይዟል። በወረቀት ላይ ሲታይ ሳንቲሙ ያሸንፋል። ሆኖም የደሴና የኮምቦልቻ ወርቅ ቤቶች በየቀኑ የሚያዩት ጌጥ ስለሆነ፣ የማያውቁትን ሳንቲም ሲያመጡላቸው ተጠራጥረው ዋጋ ሊቀንሱብዎ ይችላሉ። ስለዚህ እህትዎ ከሁለቱም ብታደርግ፣ የሚለበሰውን ጌጥ ሥራው ቀላል የሆነውን እየመረጠች፣ የሚቀመጠውን ደግሞ በታወቀ መምቻ ቤት የተመታ ሳንቲም ከነመያዣውና ከነደረሰኙ ብትገዛ ጥሩ ይመስለኛል። ወደ አገር ስትገባ የያዘችውን ለጉምሩክ ማሳወቅና ደረሰኙን በእጇ መያዝ አለባት። ያልተሠራ ወርቅ፣ ማለትም ጥፍጥፍም ይሁን አሸዋ፣ ያለ ንግድ ፈቃድ መግዛትና መሸጥ በሕግ ያስጠይቃልና ከዚያ ይራቁ።

መልስ፦ ከከሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ። ስለ ዘካው በአጭሩ እመልስልዎታለሁ፤ ዝርዝሩን ግን አካባቢዎ ያሉ ዑለማዎችን ይጠይቁ።

የብር ኒሷብ፣ ማለትም ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛ መጠን፣ 200 ዲርሃም ሲሆን በግራም 595 ያህል ነው፤ የወርቁ ደግሞ 20 ሚስቃል፣ 85 ግራም ገደማ ነው። በአንድ ጠገራ ውስጥ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር ካለ 26 ጠገራ ሲደርስ የብሩን ኒሷብ ይሞላል፤ ከሌላ የተቀመጠ ገንዘብ ጋር ሲደመር ግን ከዚያ ባነሰ ቁጥርም ሊሞላ ይችላል። ኒሷቡ ሞልቶ በእጅዎ ሳለ አንድ የጨረቃ ዓመት ካለፈው 2.5 በመቶ ይወጣል፤ ስሌቱም በተገዛበት ዋጋ ሳይሆን ዘካው በሚወጣበት ዕለት ባለው ዋጋ ነው። ለቁጠባ ያስቀመጡት ሳንቲም በዚህ ውስጥ እንደሚገባ ጥርጥር የለውም። ሴት በአግባቡ የምትለብሰው ጌጥ ግን መዝሀቦች (የእስልምና ሕግ መንገዶች) የተለያዩበት ነው፤ በሐነፊ ዘካ አለበት፣ በሻፊዒ የለበትም፤ በወሎ ሁለቱም መዝሀቦች ስላሉ በቤታችሁ የምትከተሉትን ጠይቁ። ቀለበት የተበየደላቸውን የአያትዎን ጠገራዎች አንገት ላይ የምታደርጓቸው ከሆነና ሣጥን ውስጥ ብቻ የሚቀመጡ ከሆነ ብያኔው ሊለያይ ስለሚችል ይህንንም ለይተው ይንገሯቸው።

ሲገዙም ወርቅንና ብርን በዱቤ አይግዙ። ክፍያውና ርክክቡ እዚያው፣ እጅ በእጅ ይሁን። ጠገራን በጠገራ፣ ወይም ጠገራን በብር ጌጥ የሚለውጡ ከሆነ ደግሞ እኩል በእኩል በሚዛን መሆን አለበት፤ ጌጡን በገንዘብ ሸጦ በዚያ ገንዘብ ጠገራውን መግዛት ከዚህ ሥጋት ያወጣዎታል።

መልስ፦ የቅርስ ወዳጅ፣ ወልድያ

በሁሉም የተጻፈው ጠቃሚ ነው፤ በአንድ ነገር ግን ከባቲው ወንድሜ ጋር አልስማማም። ቀለበት የተበየደለት ጠገራ «ከብሩ ክብደት በላይ ዋጋ የለውም» የሚለው የአውሮፓ ሳንቲም ሰብሳቢ የሚናገረው ነው። እዚህ አገር ግን ያ ቀለበት ራሱ ታሪክ ነው። በወሎ ሴቶች ጠገራን ከድሪና ከዛጎል ጋር አንገታቸው ላይ አድርገው ኖረዋል፤ ብሩ ገንዘብ ሆኖ ገብቶ ጌጥ ሆነ፣ በችግር ጊዜ ደግሞ ጌጡ ተመልሶ ገንዘብ ሆነ። አንጥረኛው ቀለበቱን እንዴት እንደ በየደው፣ በየትኛው አቅጣጫ እንዳንጠለጠለው፣ ከምን ጋር እንደ ሰካው የአካባቢውን እጅ ያሳያል። ብዙው ጠገራ መስቀል፣ አምባርና አልቦ ለመሥራት ቀልጦ ጠፍቷል። ስለዚህ እህቴ፣ ከአያትዎ የመጡትን ከሚገዙት ጋር እንዳይቀላቅሉ እለምንዎታለሁ። የሚገዙት ቁጠባ ነው፣ ዋጋው በሚዛን ይሁን። የአያትዎ ግን አይመዘንም፤ ማን እንዳደረገው፣ ከየት መንደር እንደመጣ፣ በምን አጋጣሚ እንደተሰጠ እናትዎ በሕይወት ካሉ ጠይቀው በወረቀት ይጻፉት።

የምኒልክ ብር ያሉት ደግሞ የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ዐፄ ምኒልክ በስማቸው የመጀመሪያውን ብር በፓሪስ ያስመቱት በ1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ተጽፎበት ነው፤ ክብደቱ ከጠገራው ጋር እንዲስተካከል ታስቦ 28.075 ግራም ሲሆን ንጽሕናው ከሺህ 835 ነው። በአንድ በኩል የንጉሡ ምስል ከነዘውዱ፣ በሌላ በኩል ሰንደቅ የያዘ ዘውድ የጫነ አንበሳ አለ፤ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ጽሑፍም በዙሪያው ይነበባል። ሕዝቡ ግን ጠገራውን ስለለመደ የምኒልክ ብር ጠገራን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከጠገራው እጅግ ያነሰ ነው፣ ጥሩ ይዞታ ላይ ያለውን ሰብሳቢዎች ከብሩ ክብደት ብዙ አስበልጠው ይገዙታል። በላዩ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶችና የይዞታውን ደረጃ የሚያውቅ ሰው ሳያሳዩ ለማንም አይሽጡት።

ማሰባሰቡን በትንሽ ገንዘብ ለመጀመር ከፈለጉ በ1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለባትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሃምሳ ሳንቲም ይፈልጉ። 7 ግራም ገደማ የምትመዝን የብር ሳንቲም ናት፤ ንጽሕናዋ እንደ ኅትመቷ ከሺህ 800 ወይም 700 ነው። በወሎ ብዙ ቤት ውስጥ በሙዳይና በሣጥን ትገኛለች፣ ሰዎችም ከብር መሠራቷን ሳያውቁ ከተራ ሳንቲም ጋር ያስቀምጧታል። ወርቁን ለሚሹ ደግሞ በ1958 ዓ.ም. የወጡት የ10፣ የ20፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር የወርቅ ሳንቲሞች አሉ፤ ሁሉም ከሺህ 900 ንጽሕና ያላቸው ሆነው ትንሹ 4 ግራም፣ ትልቁ 80 ግራም ይመዝናል። በ1970 ዓ.ም. የወጣው ዋልያ ያለበት የ600 ብር ወርቅም በዚሁ ንጽሕና የተሠራ ነው። እነዚህ ከወርቅነታቸው በተጨማሪ የአገር ታሪክ ስለሆኑ፣ ከውጭ ከሚመጣው ሶቨሪን ይልቅ እኔ እነርሱን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር በጥብቅ ላሳስብ። ገበሬ ሲያርስ ወይም ጉድጓድ ሲቆፍር አግኝቶት የሚሸጥ የአክሱም ዘመን ሳንቲም ቢያቀርቡልዎ አይግዙ። ከመሬት የሚወጣ ጥንታዊ ቅርስ ለሚመለከተው የቅርስ አካል መገለጽ ያለበት እንጂ የሚነገድበት አይደለም፤ ሲሸጥም ከየትኛው ቦታ፣ ከምን ጋር እንደተገኘ የሚነግረን እውቀት አብሮ ይጠፋል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለሆነ፣ «ፎቶውን ላኩልኝ፣ ብሩን በሰው ላኩልኝ» ለሚል የውጭ አገር ገዢም አይስማሙ። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ተዘርፎ ብዙ ዕቃ ካጣ በኋላ፣ በየቤቱ ተጠብቆ የቀረው ጥቂት ነገር ለወሎ ያለው ክብደት ከፊት ይልቅ ጨምሯል።

ጠያቂ፦ የኮምቦልቻዋ መምህርት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው ያገኘሁት። የአያቴን ብሮች ለብቻቸው አስቀምጬ ታሪካቸውን ከእናቴ እየጠየቅሁ መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ ለቁጠባ የምገዛውን በሌላ ደብተር እመዘግባለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የምኒልኩ ብር ጠቁሯል፤ አንድ ዘመድ በሎሚና በአመድ ቢታሽ እንደ አዲስ ያበራል ብሎኛል። እናቴ ደግሞ ጠገራዎቹን በላስቲክ አስራ በፕላስቲክ ከረጢት ነበር ያስቀመጠቻቸው፤ እንዲሁ ልተዋቸው?

መልስ፦ የባቲ አንጥረኛ ልጅ

በመጀመሪያ ለወልድያው ወንድሜ። የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ለሚሸጥ ሰው ያልሁት ዋጋ እንዳለ ሆኖ፣ ለሚያስቀምጥ ሰው ግን የእርስዎ ምክር ይበልጣል። አባቴም ከአሮጌ ድሪ ጋር የመጣ ጠገራ ሲቀርብለት ባለቤቱን «ሌላ የለሽምን?» ብሎ ሳይጠይቅ አያቀልጥም ነበር።

እህቴ፣ ሎሚና አመዱን እንዳያስነኩት። ጥቁረቱ ብሩ በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ስስ ሽፋን ነው፤ ዕድሜውን የሚያሳይ በመሆኑ ሰብሳቢዎች እንዲያውም ይወዱታል። ሎሚው ብሩን ይበላዋል፣ አመዱ ደግሞ ፊቱን ይፍቀዋል። የጥርስ ሳሙናም እንደዚሁ ነው። በንጉሡ ጢምና በአንበሳው ጋማ ላይ ያሉት ስስ መስመሮች አንድ ጊዜ ከተፋቁ የሚመልሳቸው አንጥረኛ የለም፤ ዋጋውም ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ጭቃ ወይም ቅባት ካለበት ብቻ በንጹሕ ውሃ ያስቀምጡት፣ ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርገው ያድርቁት። ሲይዙትም ጠርዙን እንጂ ፊቱን በጣት አይንኩ።

ላስቲኩን ዛሬውኑ ይፍቱት፤ በላስቲክ ውስጥ ድኝ ስላለ የነካውን ቦታ መስመር አውጥቶ ያጠቁረዋል፣ ይህም በቀላሉ አይለቅም። ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክም ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ነገር በብሩ ላይ ያወጣል። ለእያንዳንዱ ብር ለብቻው ነጭ የወረቀት ፖስታ ያዘጋጁ፤ ጋዜጣና ተራ ካርቶን ግን አይጠቀሙ። በፖስታው ላይ ክብደቱን፣ ከየት እንደመጣና፣ የተገዛ ከሆነ ዋጋውንና ቀኑን በእርሳስ ይጻፉ፤ ጽሑፉንም ብሩን ከማስገባትዎ በፊት ይጨርሱ፣ የእርሳሱ ጫና ብሩን እንዳይነካ። ፖስታዎቹን ከእርጥበት በራቀ ቦታ ያኑሩ፤ ከማድቤትና ከከሰል ጭስም ያርቋቸው።

የሁለቱንም ወገን ፎቶ አንሥተው ከክብደታቸው ጋር በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ጅዳ ላለችው እህትዎ ልከው ያስቀምጡ። በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ንብረቱን የቀበረው ሰው ሲሞት ወይም ሲሰደድ የተቀበረበት ቦታ ጠፍቶበታል፤ የተዘረፈበትም ሰው ምን እንደነበረው የሚያስረዳበት ነገር አልነበረውም። የት እንዳስቀመጡት ከእርስዎ ሌላ አንድ የሚታመን የቤተሰብ ሰው ይወቅ፤ ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ ግን ስለ ስብስብዎ ቁጥርና ቦታ አይንገሩ።

ሰኞ ወደ ባቲ ሲወርዱ ሚዛንዎን ይዘው ይምጡ፤ ሻጩ ፊት መመዘን ነውር አይደለም፣ እውነተኛ ብር የያዘ ሰውም አይቆጣም።